«መቼ ይደርሳል?»፦ ስለ ኮሪያ የፖሊስ አክሽን ፊልሞች ተከታይ ክፍሎች

አውቶቡሱ ዋሻ ውስጥ ቆሟል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ የቀሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ሰው ጠልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላም የጠለፈውን የማይመልስ ነፍሰ ገዳይ ነው። ሌላኛው ትከሻው ከወንበር እስከ ወንበር መተላለፊያውን የሞላ መርማሪ ፖሊስ ነው። ነፍሰ ገዳዩ በያዘው ገንዘብ ሊደራደር ይሞክርና አምስት ለአምስት እንካፈል ይላል። መርማሪው አይቆጣም፣ አይሰብክም፣ ሕግም አይጠቅስም፤ «አምስቱ የማን ነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። የሁለቱም ድርሻ አምስት ስለሆነ ጥያቄው መልስ የለውም፣ መልስ ተፈልጎም አልተጠየቀም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ተመልካቹ ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እያወቀም ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም።

ትዕይንቱ የሚገኘው በኮሪያ «የወንጀል ከተማ»፣ በሌላው ዓለም ደግሞ «ዘ ራውንድአፕ» በሚል ስም በሚታወቀው ተከታታይ ፊልም ሁለተኛ ክፍል ማብቂያ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት አንድ ቅዳሜ ማታ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሲሆን፣ እናታችን ቡና እያፈላች ከጎናችን ነበረች። እናቴ ደም ያለበት ፊልም አትወድም፤ ጩቤ ሲመዘዝ ፊቷን ወደ ረከቦቱ ታዞራለች። መርማሪው ማ ሶክ-ዶ በሩን ሞልቶ ብቅ ሲል ግን ቀና ብላ፣ «ይኼ ያ ባለፈው ያየነው ደንዳናው ልጅ አይደል?» አለች። እሱ ነው አልናት። «አይሞትም አይደል?» አይሞትም አልናት። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ቀድታ ሲኒዋን እንደያዘች ከእኛ ጋር እስከ መጨረሻው ተመለከተች። እነዚህ ፊልሞች ለምን እንደሚናፍቁኝ ለራሴ የገባኝ ያን ማታ ነው።

በልጅነታችን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ተፋፍገን ስናይ «አክተር አይሞትም» የምንለው ነገር ነበረን። አባባሉን ያኔ የምንጠቀምበት የፈራ ጓደኛን ለማረጋጋት ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን አንድ ትልቅ የትረካ ምስጢር ይዞ ኖሯል። አክተሩ እንደማይሞት እርግጠኛ የሆነ ተመልካች «ያሸንፍ ይሆን?» ብሎ አይጨነቅም። ጭንቀቱ ሁሉ ወደ ሌላ ጥያቄ ይዞራል፤ መቼ ይደርሳል? ከመድረሱ በፊት ስንት ሰው ይጎዳል? የመጀመሪያ ክፍል ፊልም ይህን እርግጠኝነት ገና ከተመልካቹ ጋር እየተዋወቀ መገንባት አለበት። ተከታይ ክፍል ግን ከተገነባ እምነት ላይ ተነስቶ ይጀምራል፤ እናቴም ፊቷን ሳታዞር ክፋቱን ልታየው የቻለችው ያ እምነት ስላላት ነው።

ተከታታዩ የተጀመረው በ2017 ነው። «ዘ አውትሎውስ» በሚል የእንግሊዝኛ ስም የወጣውን የመጀመሪያውን ክፍል ያዘጋጀው ካንግ ዩን-ሶንግ ሲሆን፣ ታሪኩ በ2004 በሴኡል ጋሪቦንግ-ዶንግ በተባለው፣ ከቻይና የመጡ ኮሪያውያን በሚኖሩበት ሰፈር ይካሄዳል፤ መነሻውም ፖሊስ በዚያ አካባቢ በነበሩ የወንበዴ ቡድኖች ላይ ያካሄደው እውነተኛ ዘመቻ ነው። ማ ሶክ-ዶን የምንተዋወቀው መንገድ ላይ ስልክ እያወራ ሲሄድ ነው። ሁለት ሰዎች በጩቤ ሊተራረዱ ይተናነቃሉ፤ እሱ ስልኩን ሳይዘጋ ጩቤውን ይቀማና ሁለቱንም ያስታግሳል። የሰውዬውን ጠባይ ሁሉ በዚያች ደቂቃ አወቅነው፤ አራት ክፍል ሙሉም ከዚያ አልተለወጠም። በክፉ ሰውነት የተሰለፈው ዩን ክዬ-ሳንግ የተጫወተው ጃንግ ቼን ነበር፤ ረጅም ፀጉሩን ወደ ኋላ አስሮ፣ መጥረቢያ ይዞ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ትንፋሹን የሚውጥለት ሰው። ፊልሙ ለወጣቶች የተከለከለ የዕድሜ ገደብ ተጥሎበት እንኳ ወደ 6.9 ሚሊዮን ተመልካች አገኘ።

ሁለተኛው ክፍል በግንቦት 2022 ሲወጣ ኮሪያ ለኮሮና ያወጣችውን ርቀትን የመጠበቅ ግዴታ ካነሳች ገና አንድ ወሯ ነበር። ሰው ለሁለት ዓመት ያህል ሲኒማ ቤት ሸሽቶ ሰንብቶ ነበርና፣ ተመልሶ አብሮ ለመጮህና አብሮ ለመሳቅ ከዚህ የተሻለ ፊልም ሊያገኝ አይችልም ነበር ብዬ አምናለሁ። 12.69 ሚሊዮን ትኬት ተሸጠ፤ ሕዝቧ 52 ሚሊዮን በማይሞላ አገር ይህ ቁጥር ወደ ሩቡ ይጠጋል። ከ2019 ወዲህ የአሥር ሚሊዮንን ደፍ የተሻገረ የመጀመሪያው የኮሪያ ፊልምም እሱ ሆነ። ሦስተኛው በ2023 10.68 ሚሊዮን፣ አራተኛው በ2024 11.5 ሚሊዮን ገደማ ተመልካች አግኝተዋል። አንድ ተከታታይ ፊልም ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አሥር ሚሊዮንን ሲያልፍ በኮሪያ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የሁለተኛው ክፍል ታሪክ ቀላል ነው። ጊዜው 2008 ነው፤ ማ ሶክ-ዶና አለቃው ጆን ኢል-ማን እጁን የሰጠ አንድ ተፈላጊ ተረክበው ለመመለስ ወደ ቬትናም ሆ ቺ ሚን ከተማ ይበራሉ። ሰውዬው በፈቃዱ እጁን የሰጠበት ምክንያት ለማ አልዋጥልህ ይለዋል፤ ሲቆፍር ከፖሊስ በላይ የሚፈራው ሌላ ሰው እንዳለ ይደርስበታል። ያ ሰው ሶን ሶክ-ኩ የተጫወተው ካንግ ሄ-ሳንግ ነው፤ ለሽርሽር የመጡ የአገሩን ልጆች እየጠለፈ ይገድላል። ሶን ሶክ-ኩ ይህን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ድምፁን ብዙም አያነሳም። ገጀራውን አንጠልጥሎ ሲራመድ አንድ የዘገየ ሥራ ለመጨረስ የሚሄድ ሰው ነው የሚመስለው፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ሳይሆን መሰላቸት አለ። እንደኔ እንደኔ ከአራቱ ክፍሎች የላቀው ይህ የሆነው በእሱ ምክንያት ነው። ጀግናው ስለማይለወጥ የፊልሙ ቁመት የሚለካው በክፉው ሰው ነውና።

ሌላው የሚማርከኝ ነገር ቡጢው ራሱ ነው። ኮሪያ ውስጥ የጦር መሣሪያ በግለሰብ እጅ እንዳይገባ ሕጉ አጥብቆ ይቆጣጠራል፤ ስለዚህም ፊልሞቹ ውስጥ ወንጀለኛው የሚይዘው ጩቤ፣ ገጀራ ወይም መጥረቢያ ነው፣ ፖሊሱም ሽጉጥ አይመዝም። ይህ ለትዕይንቱ የሚሰጠውን ነገር ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሽጉጥ ባለበት ፊልም ሁለት ሰዎች ከሩቅ ይገዳደላሉ። እዚህ ግን መቀራረብ ግድ ነው፤ ገጀራ የያዘውን ሰው ለመያዝ ገጀራው የሚደርስበት ቦታ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ማ ሶክ-ዶ አይዘልም፣ አይሽከረከርም። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወገቡን ያዞራል፣ ከዚያ እንደ ሙቀጫ የሚያስተጋባ ድምፅ ይሰማና ሰውዬው ከጀርባው ያለውን በር ይዞ ይወድቃል። ለትንንሾቹ ወሮበሎች ደግሞ ቡጢም አያባክንም፤ በሰፊ መዳፉ አንድ ጥፊ ያሳርፍባቸዋል። ጥፊው፣ ታላቅ ወንድም ያጠፋ ታናሹን የሚቀጣበት ዓይነት ነው፤ አዳራሹን የሚያስቀውም ይኸው ነው።

ዋናው ተዋናይ ማ ዶንግ-ሶክ ይህን ያገኘው ከካሜራ ፊት አይደለም። በ1971 የተወለደው ይህ ሰው በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ የኖረ፣ እዚያም የሰውነት ማጎልመሻ አሠልጣኝ ሆኖ ከታወቁ የነፃ ፍልሚያ ተጋጣሚዎች ጋር ሳይቀር የሠራ ነው፤ ቦክስ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነው። ሰፊው የዓለም ተመልካች ያወቀው በ2016 በወጣው «ትሬን ቱ ቡሳን» ሲሆን፣ በ2021 ደግሞ በማርቨል «ኢተርናልስ» ውስጥ ታይቷል። በ«የወንጀል ከተማ» ከተዋናይነቱ ባሻገር ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነው፤ ተከታታዩንም ስምንት ክፍል አድርጎ እንዳቀደው ተናግሯል። አራተኛውን ክፍል ያዘጋጀው ኸ ምዮንግ-ሄንግም ለዓመታት የፍልሚያ ትዕይንቶችን ሲቀምር የኖረ፣ በቀደሙት ክፍሎችም የድብድቡ ኃላፊ የነበረ ባለሙያ ነው። ልዩነቱ ይታያል። በአራተኛው ክፍል ኪም ሙ-ዮል የሚጫወተው ቤክ ቻንግ-ጊ የቀድሞ ልዩ ኃይል ወታደር ነው፤ ጩቤውን የሚይዘው እንደ ጠጅ ቤት ጠበኛ ሳይሆን ተምሮ እንደሠለጠነ ሰው ነው፣ አንድም እንቅስቃሴ አያባክንም። መጨረሻው ፍልሚያ በአውሮፕላን የአንደኛ ማዕረግ ክፍል ውስጥ ይካሄዳል። ጠባብ ቦታ፣ ፈጣን ጩቤ፣ ግዙፍ ሰው፤ ማ ሶክ-ዶ ሲደማ አይቼ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ሰጋሁ።

ስለ ሦስተኛው ክፍል ብዙ ማለት አልፈልግም። ማ ወደ ሴኡል ከተማ ፖሊስ ተዛውሮ፣ አዲስ የሥራ ባልደረቦች ይዞ፣ ዕፅ የሚያዘዋውር ቡድን ያሳድዳል። አንዱ ክፉ ሰው ራሱ ፖሊስ ነው፤ ሌላው ያኩዛ ከሚባለው የጃፓን የወንበዴ ድርጅት የተላከ ባለ ሰይፍ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ነበሩ፤ ፍርሃታችን ለሁለት ስለተከፈለ ግን የአንዳቸውም ጥላ እንደ ካንግ ሄ-ሳንግ አልከበደም። በዚያ ላይ ጃንግ ኢሱ የለም ማለት ይቻላል፤ ብቅ የሚለው ፊልሙ ካለቀ በኋላ በምትመጣው አጭር ትዕይንት ብቻ ነው።

ጃንግ ኢሱን ለማያውቅ ሰው እነዚህ ፊልሞች ምን እንደሚመስሉ ማስረዳት ከባድ ነው። ፓርክ ጂ-ህዋን የሚጫወተው ይህ ሰው በመጀመሪያው ክፍል የራሱ ቡድን ያለው የሰፈር ወንበዴ ነበር፤ የእናቱ ስድሳኛ ዓመት ልደት ድግስ ላይ እነ ጃንግ ቼን መጥረቢያ ይዘው ሲገቡበት ከልቤ አዝኜለታለሁ። በሁለተኛው ክፍል ወንጀሉን ትቻለሁ ብሎ የራሱን ኑሮ ሊኖር ሲል ማ ሶክ-ዶ በሩ ላይ ይቆማል። በአራተኛው ክፍል የመጫወቻ ቤት ከፍቶ ሳለ እንደገና ይመጣበታል፤ አሁን ደግሞ የፖሊስ ምስጢራዊ ተባባሪ ትሆናለህ ብሎ «ኤፍ ዲ ኤ» የሚሉ ፊደላት ያሉበት ባጅ ይሰጠዋል። ትርጉሙ «ፖሊስ ዳርክ አርሚ» ነው ይለዋል። የመጀመሪያው ፊደል ከ«ፖሊስ» ጋር እንደማይገጥም ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ጃንግ ኢሱ ግን ባጁን ከኪሱ እያወጣ ለየሰዉ ሲያሳይ ደረቱ ይነፋል። በዚህ ትዕይንት ስስቅ ሌላ ነገርም ተሰምቶኛል። ሕይወቱን ሙሉ ሲሳደድ የኖረ ሰው፣ ሐሰት በሆነ ባጅም ቢሆን፣ አንድ ቀን ከሚያሳድዱት ወገን በመቆጠሩ ደስ ብሎታል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ፊልም አይገኝም፤ ሰውን በየጊዜው እያገኙ ሲያረጅ፣ ሲወድቅና ሲነሳ ማየት ይጠይቃል።

ይህ ልማድ በኮሪያ አዲስ አይደለም። ካንግ ዉ-ሱክ በ1993 ባዘጋጀው «ቱ ኮፕስ» ጉቦ የለመደ አንጋፋ ፖሊስና ሕግ አክባሪ ወጣት ባልደረባውን አጣምሮ ኮሪያን አስቆ ነበር፤ ፊልሙም እስከ 1998 ሁለት ተከታይ ክፍሎች ወጥተውለታል። በ2002 ደግሞ ተዋናይ ሶል ክዮንግ-ጉን ይዞ «ፐብሊክ ኤነሚ»ን ጀመረ። ከእነዚያ ፊልሞች እስከ ማ ሶክ-ዶ አንድ ሐሳብ ሳይበጠስ መጥቷል፤ ሕጉ ሩቅና ዘገምተኛ ነው፣ ባለገንዘብና ጉልበተኛ ያመልጠዋል፣ ስለዚህ በመካከል እጁን የሚያቆሽሽ አንድ ሰው ያስፈልጋል የሚል።

የሚከነክነኝም ይኸው ሐሳብ ነው። በ«የወንጀል ከተማ» ውስጥ «የእውነት ክፍል» የሚባል ነገር አለ። ተጠርጣሪው አልናገርም ሲል የፖሊሶቹ ቢሮ ይዘጋል፣ የካሜራው ዓይን ይሸፈናል፣ በሰውዬው ራስ ላይ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ይጠለቃል፣ ከዚያ እስኪናገር ይመታል። ትዕይንቱ የተቀረጸው ለሳቅ ነው፤ ተከታይ ክፍሎቹም ተመልካቹ እንደሚጠብቀው ስለሚያውቁ እየመለሱ ያመጡታል። እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን በጥር 1987 ፓርክ ጆንግ-ቾል የተባለ የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናምዮንግ-ዶንግ በሚገኝ የፖሊስ ምርመራ ክፍል ውስጥ በማሠቃየት ተገድሏል፤ ፖሊስ መጀመሪያ የሰጠው ማብራሪያ ጠረጴዛ ሲመታ ልጁ ደንግጦ ሞተ የሚል ነበር፣ ያ ውሸት የቀሰቀሰው ቁጣም በዚያው ዓመት ሰኔ አገሪቱን ወደ ዴሞክራሲ ካሻገረው ንቅናቄ መነሻዎች አንዱ ሆኗል። ዝግ ክፍል፣ የተሸፈነ ካሜራ፣ የሚመታ ሰው የሚለውን ሥዕል ያ ሕዝብ በደንብ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው አገር በዚያ ትዕይንት ሊስቅ የሚችለው ማ ሶክ-ዶ የተሳሳተ ሰው እንደማይመታ አስቀድሞ ስላመነ ብቻ ነው። «አክተር አይሞትም» የሚለው እምነት እዚህ ላይ «አክተር አይሳሳትም» ወደሚለው ይሻገራል፤ ሁለተኛው እምነት ግን ከመጀመሪያው እጅግ የከበደ ነው።

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የተጋፈጠው ሌላ ተከታይ ክፍል ነው። ርዩ ሱንግ-ዋን በ2015 ያዘጋጀው «ቬተራን» ከ13 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ያገኘ፣ ብዙ ሰው የሚወደው ፊልም ነው። ህዋንግ ጆንግ-ሚን የሚጫወተው መርማሪ ሶ ዶ-ቾል ያልተከፈለ ደመወዙን ሊጠይቅ የሄደን የጭነት መኪና ሹፌር በልጁ ፊት ያስደበደበውን ወጣት ቱጃር አሳዶ፣ በመጨረሻ ሕዝብ በሞላበት የምዮንግ-ዶንግ ጎዳና ላይ ይይዘዋል። በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ እኛም ከቀራጮቹ ጋር ሆነን እናጨበጭባለን። የተሳካ ፊልም ተከታይ በሁለት ዓመት ውስጥ ማውጣት ቀላል ነበር። አዘጋጁ ግን ዘጠኝ ዓመት ቆየ፤ በ2024 በካን ፌስቲቫል የእኩለ ሌሊት መርሐ ግብር ታይቶ በመስከረም ሲኒማ ቤት የገባው ሁለተኛው ክፍልም ያን ጭብጨባችንን መልሶ የሚጠይቀን ሆነ።

በሁለተኛው «ቬተራን» ቀላል ፍርድ ተፈርዶባቸው የወጡ ወንጀለኞችን አንድ ስውር ሰው እየገደለ ነው። ሕዝቡ በኢንተርኔት ላይ ሄቺ ብሎ ይጠራዋል፤ ሄቺ በኮሪያ ተረት ክፉውን ከደጉ የሚለይ፣ የሴኡል ከተማም ምልክት ያደረገችው እንስሳ ነው። ሶ ዶ-ቾል ጎበዝ ወጣት ፖሊስ ብሎ ወደ ቡድኑ ያመጣው፣ ጆንግ ሄ-ኢን የሚጫወተው ፓርክ ሱን-ዉ ራሱ ገዳዩ መሆኑን ፊልሙ ብዙም ሳይቆይ ያሳየናል። ወጣቱ የሚያደርገው ሌላ አይደለም፤ አንጋፋው ፖሊስ በቁጣ ሲናገር የኖረውን እስከ መጨረሻው መውሰድ ነው። ፊልሙ እንደ መጀመሪያው አያስጨበጭብም። ከ7.5 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶት ብዙዎች የቀድሞውን ደስታ አላገኘንበትም ብለው ወጥተዋል፤ አልፈርድባቸውም፣ የመጡት ለሌላ ነገር ነበር። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የፖሊስ ፊልም ሁለት ጊዜ ሳየው ሁለተኛው ጊዜ የከበደኝ እሱ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ድብድቡ አይደለም፤ ምንም እንኳ ዝናብ በሞላው ጣሪያ ላይ የሚካሄደው ፍልሚያ ከየትኛውም የማይተናነስ ቢሆንም። ምክንያቱ የሶ ዶ-ቾል ልጅ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ጉልበተኞች ያንገላቱታል፤ አባትየው ወንጀለኛ ሲያሳድድ ውሎ እየደከመው ይገባና ጉዳዩን እንደ ልጆች ጠብ ቆጥሮ ያልፈዋል። ያ በአውቶቡስ ላይ፣ በአውሮፕላን ውስጥ፣ በጎዳና ላይ ሁልጊዜ የሚደርሰው ዓይነት ሰው ቤቱ ውስጥ ሳይደርስ ቀረ። በመጨረሻ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ፣ ፊቱ እንዳበጠ፣ ልጁን ቀርቦ አስተሳሰቤ አጭር ነበር ብሎ ይቅርታ ይጠይቀዋል። ከዚያ ቤተሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ ራምዮን የሚሉትን ፈጣን የኑድል ሾርባ ይበላል።

እናቴ ይህንኛውን አላየችውም። በሚመጣው ቅዳሜ ቡናው ሲቀራረብ ልከፍትላት አስቤአለሁ።